መልኩን የሚቀያይረው የስኳር መውረድ

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ይርበዋል። ከነርስ የሚሰማው፣ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚያየውም ይኸው ነው። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። አንዳንዱ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ያለ ምክንያት ይስቃል ወይም ያለቅሳል። አንዳንዱ ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ሁለት ሆኖ ይታየዋል፣ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ይለዋል። ሌላው ደግሞ «እባክህ ቅመስ» ሲባል ሳህኑን ይገፋል። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስካርን፣ ጠብን፣ ስትሮክን ወይም ክፉ መንፈስን እንጂ ስኳርን አይደለም። በጥቂት ማንኪያ ስኳር ሊመለስ የሚችል ሰው በዚህ ምክንያት ሰዓታት ያልፉበታል።

አደጋው ለሁሉም የስኳር ሕመምተኛ እኩል አይደለም። ሜትፎርሚን የተባለውን እንክብል ብቻውን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች የሚወርደው እምብዛም ነው። በብዛት የሚጎዱት ኢንሱሊን የሚወጉትና ቆሽትን እየገፋፉ ኢንሱሊን የሚያስመነጩ እንክብሎችን፣ በተለይም ግሊበንክላማይድን፣ የሚውጡት ናቸው። በቁጥር ሲገለጽ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር (3.9 ሚሊሞል በሊትር) በታች የሆነ ስኳር ዝቅ ያለ ይባላል። ከ54 (3.0 ሚሊሞል) በታች ሲሆን አንጎል መቸገር ስለሚጀምር ነገሩ አፋጣኝ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ግን ቁጥር የለውም፤ ሕመምተኛው ራሱን መርዳት አቅቶት የሌላ ሰው እጅ ካስፈለገው፣ መለኪያው ምንም ይበል ምን፣ ከባድ የስኳር መውረድ ነው።

ምልክቶቹ ከሁለት ቦታ ይነሳሉ። አንደኛው የሰውነት የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ነው። ስኳር ከ65 እስከ 70 አካባቢ ሲደርስ ቆሽት ግሉካጎንን፣ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች ደግሞ አድሬናሊንን ይለቃሉ፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር እንዲያወጣ ይታዘዛል። መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ የአድሬናሊን ሥራ ነው። ላቡ ግን የሚመጣው በሌላ የነርቭ መልእክተኛ፣ በአሴቲልኮሊን፣ አማካይነት ነው። ይህ ልዩነት ትርፍ ዕውቀት ቢመስልም ኋላ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት ሲነሳ ዋጋው ይታያል።

ሁለተኛው ምንጭ አንጎል ራሱ ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት እረፍት ላይ እያለ ከሚያቃጥለው ኃይል አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። የራሱ ክምችት ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ደም የሚያመጣለትን ስኳር እየጠበቀ ይሠራል። ስኳሩ ሲጎድል ሁሉም ክፍሉ በአንድ ጊዜና በአንድ ልክ አይደክምም፤ መብራት በፈረቃ እንደሚደርሳት ከተማ አንዱ ሰፈር ጨልሞ ሌላው ይበራል። ንግግርን የሚመራው ክፍል ሲደክም ምላስ ይተሳሰራል፤ ስሜትን የሚገራው ሲደክም ትሑቱ ሰው ተሳዳቢ ይሆናል። የምልክቶቹ እንግዳነት ከዚህ ይመነጫል።

በስኮትላንድ የኤድንብራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት መመዘኛ 11 ምልክቶችን በሦስት ወገን ያስቀምጣል። በአንዱ ወገን ላብ፣ የልብ ምት፣ መንቀጥቀጥና ረሃብ አሉ። በሁለተኛው ግራ መጋባት፣ ድብታ፣ ያልተለመደ ጠባይ፣ የመናገር ችግርና የእንቅስቃሴ አለመቀናጀት ይገኛሉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ለብቻቸው ቆመዋል። በአብዛኛው የሚያስቸግሩት በሁለተኛው ወገን ያሉት ናቸው፤ ሕመምተኛው ራሱ ሊያያቸው አይችልምና። የሚያይበት አንጎል ነው የደከመው።

ጠባይ ሲለወጥ

በመመዘኛው ውስጥ «ያልተለመደ ጠባይ» ተብሎ በአጭሩ የታለፈው ነገር በቤተሰብ ኑሮ ውስጥ ከሁሉም ይከብዳል። ረጋ ያለ የሚባል አባወራ ምሳ ትንሽ ሲዘገይ ሚስቱ ላይ ይጮኻል። ጨዋ የምትባል ልጅ የእናቷን እጅ ገፍታ ትሄዳለች። አንዳንዱ እንደ ሕፃን ይቀልዳል፣ ሰው በማይስቅበት ይስቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ አንድ ነጥብ ላይ አፍጥጦ ሲጠሩት አይመልስም። አንዱን ሥራ ደጋግሞ መሥራት፣ በሩን ከፍቶ መዝጋት፣ የቆጠሩትን ገንዘብ እንደገና መቁጠርም ይታያል።

ከእነዚህ ሁሉ አስቸጋሪው እምቢታው ነው። ማመዛዘንና ራስን መግዛት በአብዛኛው የአንጎል የፊት ክፍል ሥራ ነው፤ ይህ ክፍል ሲራብ ሰውየው መራቡን አያውቅም። «ደህና ነኝ፣ ተውኝ» ይላል፤ ከረሜላ ሲሰጡት ይወረውራል። እንዲህ ያለውን ሰው «ስኳርህ ወርዷል» ብሎ መከራከር ቁጣውን ያባብሰዋል። ልምድ ያላቸው ቤተሰቦች አይጠይቁም፤ ጣፋጩን ሻይ ወይም ለስላሳውን እጁ ላይ አኑረው «ጠጣ» ይሉታል። ለደከመ አንጎል ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ አጭር ቃል ይገባዋል። ስኳሩ ሲመለስ ብዙዎች የሆነውን አያስታውሱም። «እንዲህ ብለኸኝ ነበር» ሲባሉ የሚክዱት ዋሽተው አይደለም፤ ትዝታው አልተመዘገበም። በዚህ ምክንያት የተቋጠረ ቂም በየቤቱ እንዳለ መገመት አያስቸግርም።

ከስካር ጋር መምታታቱ ሌላው ጣጣ ነው። ስኳሩ የወረደበት ሰው ይንገዳገዳል፣ ቃል ይጎትታል፣ ዓይኑ ይፈዛል። ጥቂት ጠጅ ወይም አረቄ ቀምሶ ከሆነማ ማንም ሌላ ምክንያት አይፈልግም፤ ሽታው ይፈርድበታል። እውነቱ ግን አልኮል ራሱ ስኳርን የሚያወርድ መሆኑ ነው። ጉበት አልኮልን በማጣራት ሲጠመድ አዲስ ስኳር መሥራቱን ያቆማል፤ በባዶ ሆድ የጠጣ ሰው ስኳሩ የሚወርደው ከመጠጡ ሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በማግስቱ ጠዋት ነው። «ይተኛና ይውጣለት» ተብሎ የተተወ የስኳር ሕመምተኛ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

ስትሮክ የመሰለ፣ የሚጥል በሽታ የመሰለ

ካልተለመዱት ምልክቶች አስደንጋጩ የአንድ ጎን መስነፍ ነው። ሰውየው ይነቃል፣ ይሰማል፤ ነገር ግን አንድ እጁና እግሩ አልንቀሳቀስ ይላሉ፣ አንዳንድ ጊዜም አፉ ይጠመማል፣ ንግግሩ ይጠፋል። ላብም መንቀጥቀጥም ላይኖር ይችላል። በሕክምና ጽሑፎች በተመዘገቡት ታሪኮች ውስጥ የቀኝ ጎን ይበዛል። ስኳር የሚጎድለው በመላው አንጎል ሆኖ ሳለ አንድ ጎን ብቻ ለምን እንደሚሰንፍ ሐኪሞች አንድ የተስማሙበት መልስ የላቸውም። የሚያውቁት ግሉኮስ በደም ሥር ሲሰጥ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ጎኑ መመለሱን ነው።

የስትሮክ ሕክምና ይህን በቁም ነገር ይዞታል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት በማንኛውም ሕመምተኛ ላይ ግድ የሚደረገው የደም ምርመራ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የስኳር ልኬት። የጣት ጫፍ ወግቶ በሰከንዶች የሚታወቅ ነገር ደም ሊያፈስ ከሚችል ከባድ መድኃኒት ያድናል። ለቤተሰብም ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ሰውየውን ወደ ሐኪም ቤት እያጣደፉ ስኳሩን መለካት ጊዜ አይወስድም። መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ካላሳየ ደግሞ ነገሩ እውነተኛ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል መዘግየት አይገባም።

መንፈራገጥ ከኢንሱሊን ጋር እኩል ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1922 በቶሮንቶ የባንቲንግና የማክሊዮድ ቡድን መድኃኒቱን ሲያጣራ፣ ብዙ ኢንሱሊን የተወጉ ጥንቸሎች ይንፈራገጡ ነበር፤ ግሉኮስ ሲወጉ ይነሳሉ። የመድኃኒቱ ጥንካሬ ራሱ በመጀመሪያ የተለካው የጥንቸሏ ስኳር እስከዚያ ደረጃ ለመውረድ ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚፈልግ በማየት ነው። ዛሬም በሰው ላይ የሚታየው ይኸው ነው፤ ሰውየው ይወድቃል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ይንፈራገጣል። በኢትዮጵያ የሚጥል በሽታ ሲነሳ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት የቆየ ልማድ ነው። ክብሪቱ ለሚጥል በሽታም አይረዳም፤ ስኳሩ ለወረደ ሰው ደግሞ ውድ ደቂቃዎችን ይበላል። ጠበል የሚወሰድ ሕመምተኛም ቢሆን ኢንሱሊን እንደሚወጋ አስታማሚው ቢያስታውስና ስኳሩን ቢለካለት ከእምነቱ የሚቀነስ ነገር የለም።

ወባ ባለባቸው ቆላማ አካባቢዎች ነገሩ ይወሳሰባል። ከባድ ወባ በራሱ ስኳርን ያወርዳል፤ ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን ደግሞ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያፈስ ስለሚያደርግ ይብስበታል። ትኩሳት ይዞት የሚቀባዥር የስኳር ሕመምተኛ «ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጣ» ከመባሉ በፊት የጣት ልኬት ይገባዋል።

ትንንሾቹ ምልክቶች

የከንፈር፣ የምላስና የአፍ ዙሪያ መንዘርና መደንዘዝ በአንዳንድ ሰው ላይ ይታያል። ማንም ስለማይጠይቅበት ሕመምተኛውም አይናገረውም፤ አንዴ ካወቀው ግን ጥሩ ጠቋሚ ሊሆንለት ይችላል። ዓይን ይደበዝዛል፣ ቀለም ይፈዛል፣ አንዱ ሁለት ይሆናል፤ መነጽር የቀየሩ አሉ። ተደጋጋሚ ማዛጋትም አለ። ብርድ ብርድ ማለቱ እውነተኛ ነው፤ በላብና በቆዳ ደም ሥሮች መከፈት ምክንያት የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፣ ራሱን ስቶ በተገኘ ሰው ላይም የቀዘቀዘ ገላ ሊታይ ይችላል።

ሌሊት

እንቅልፍ ማስጠንቀቂያውን ያዳክማል። ስኳር ሲወርድ የሚለቀቀው አድሬናሊን በእንቅልፍ ሰዓት አነስተኛ ስለሆነ ብዙው ሰው አይነቃም። የሚቀረው ፍንጭ ብቻ ነው፤ ቅዠት፣ በእንቅልፍ መጮህ ወይም መራገጥ፣ የረጠበ ትራስ፣ ጠዋት የሚፈልጥ ራስ ምታት፣ ሳይጠጡ የሰከሩ ያህል መዛል። አብሮ የሚተኛ ሰው ከሕመምተኛው የበለጠ ያውቃል።

የሌሊቱ መውረድ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከመሸ በኋላ የተወጋው ኢንሱሊን ነው። ኤንፒኤች የሚባለው ደፍረስ ያለ ኢንሱሊን ከተወጉት ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ጀምሮ ኃይሉ ይበረታል፤ ከእራት በፊት የተወጋ ሰው ስኳሩ የሚጎድለው ሁሉ ተኝቶ ባለበት ሰዓት ነው። ቀን ላይ ሲያርስ፣ ሲያጭድ ወይም ሲሸከም የዋለ ሰው ደግሞ ጡንቻው የተጠቀመበትን ክምችት ሌሊቱን ሙሉ ከደም እየሳበ ስለሚተካ አደጋው ይደራረባል። ጥርጣሬ ሲኖር ለጥቂት ሌሊቶች ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነስቶ መለካት ብዙ ነገር ይገልጣል።

ጠዋት ስኳር ከፍ ብሎ ሲገኝ «ሌሊት ወርዶ ነው ተመልሶ የወጣው» የሚል ትርጓሜ በሐኪሞችም ዘንድ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል፤ ማይክል ሶሞጊ ከተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ የመጣ ነው። ቆዳ ላይ ተለጥፈው ቀንና ሌሊት የሚለኩ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ የታየው ግን ሌሊት የወረደ ስኳር ጠዋትም ዝቅ ብሎ የመገኘት ዝንባሌ እንዳለው ነው። በግምት የማታውን ኢንሱሊን መቀነስም ሆነ መጨመር ስለዚህ አያዋጣም።

የሌሊቱ ጉዳይ ልብንም ይነካል። ስኳር ሲወርድ በደም ያለው ፖታሲየም አብሮ ይቀንሳል፣ በልብ ምርመራው (ኢሲጂ) ላይ ኪውቲ የሚባለው ልኬት ይረዝማል፣ የልብ ምት ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ1991 ታተርሳልና ጊል የተባሉ የብሪታንያ ሐኪሞች ማታ ደህና ሆነው ተኝተው፣ ጠዋት አልጋቸው ሳይዛባ ሞተው የተገኙ የዓይነት 1 ስኳር ሕመምተኞችን ታሪክ አሳትመዋል። ይህ ከስንት አንዴ የሚደርስ ነው፤ የሌሊት ስኳር መውረድና የልብ ምት መዛባት በዋነኛነት ይጠረጠራሉ።

ምልክት አልባው መውረድና የተገላቢጦሹ

ከሁሉም እንግዳ የሆነው ምልክት የምልክት አለመኖር ነው። የዓይነት 1 ስኳር ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግሉካጎን ለስኳር መውረድ መልስ መስጠቱን ያቆማል። ስኳር በተደጋጋሚ ሲወርድ ደግሞ አንጎል ይለምደዋል፤ አድሬናሊን የሚለቀቅበት ደረጃ ከ65 ወደ 50፣ ከዚያም በታች ይሸሻል። ሰውየው ሳያልበው፣ ሳይንቀጠቀጥ በቀጥታ ወደ መቀባዠር ይገባል። ከዓይነት 1 አዋቂ ሕመምተኞች ከአራቱ ወይም ከአምስቱ አንዱ በተለያየ መጠን ይህ ችግር አለበት። ደግነቱ ሊመለስ መቻሉ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ስኳር ጨርሶ እንዳይወርድ ከተጠነቀቁ ማስጠንቀቂያው በከፊል ወይም በሙሉ ይነቃል።

ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይሸፍናሉ፤ የሁለቱ ምንጭ አድሬናሊን ነውና። ላብን ግን አይከለክሉም። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ሙቀት ያለ ሥራ ድንገት ካላበው እሱን ብቻ እንደ ደወል መቁጠር አለበት።

ተገላቢጦሹም አለ። ለወራት ስኳሩ 300 ላይ የቆየ ሰው ሕክምና ተጀምሮለት ወደ 120 ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። ቁጥሩ ጤናማ ነው፤ ሰውነቱ ግን ከፍታውን ለምዶ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ማቋረጡ የተለመደ ነው። ቢታገሥ በሳምንታት ውስጥ ይለቀዋል።

አረጋውያን፣ ሕፃናትና ጿሚዎች

በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ የስኳር መውረድ እንደ እርጅና ይመጣል፤ ማዞር፣ መውደቅ፣ ስም መርሳት፣ ቀንና ሌሊትን ማምታታት። «አርጅተዋል» ተብሎ ይታለፋል። ግሊበንክላማይድ የሚወስዱ፣ በተለይ ኩላሊታቸው የደከመ አረጋውያን ላይ መድኃኒቱ ስለሚከማች ስኳሩ ተስተካክሎ እንደገና ይወርዳል፤ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሐኪም ቤት ሊያቆይ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ግሊበንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ላሉ እንደማይስማማ ይገልጻል፤ ግሊክላዛይድ ይሻላል። ሕፃናት ደግሞ ይነጫነጫሉ፣ ፊታቸው ይገረጣል፣ ክፍል ውስጥ ይፈዛሉ፤ መምህሩ ካልተነገረው ስንፍና ይመስለዋል።

በጾም ወቅት መድከም የሚጠበቅ ስለሆነ ምልክቱ ይሰወራል። በ13 አገሮች በተካሄደው ኤፒዲያር የተባለ ጥናት በረመዳን ከባድ የስኳር መውረድ በዓይነት 1 ሕመምተኞች ላይ 4.7 እጥፍ፣ በዓይነት 2 ላይ 7.5 እጥፍ ጨምሯል። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት እየጾመ የጠዋት ኢንሱሊኑን እንደ ወትሮው የሚወጋ ምእመንም ያው አደጋ ላይ ነው። እስልምናም ሆነ ኦርቶዶክስ ክርስትና ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ የሚጾም ካለ ግን የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር መስተካከል አለበት።

ማረጋገጥና ማከም

አንድ እንግዳ ምልክት ከስኳር የመጣ መሆን አለመሆኑን ለመለየት አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም አለን ዊፕል በ1930ዎቹ ያስቀመጡት መስፈርት ዛሬም ይሠራል፦ ምልክቱ መኖር፣ በዚያው ሰዓት የተለካ ዝቅተኛ ስኳር፣ ስኳሩ ሲስተካከል ምልክቱ መጥፋት። ሦስቱ ከተሟሉ ማዛጋትም ይሁን ሳቅ፣ የዚያ ሰው ምልክት ነው፤ በክትትል ደብተሩ ሊጻፍና ለቤተሰቡ ሊነገር ይገባል። ምልክቶች በዕድሜና በመድኃኒት ለውጥ ስለሚቀያየሩ ደብተሩ በየጊዜው ይታያል።

መዋጥ ለሚችል ሰው ከ15 እስከ 20 ግራም ፈጣን ስኳር ይበቃል። 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ የተበጠበጠ፣ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይህን ይሰጣል። ስኳር አልባው ለስላሳ አይረዳም፤ ቸኮሌት ስብ ስላለበት ይዘገያል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተለክቶ አሁንም ዝቅ ካለ ይደገማል፤ ሲስተካከል እንጀራ ወይም ዳቦ ይከተላል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ትንፋሹ ውስጥ ገብቶ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝቶ፣ ግሉካጎን ካለ ወግቶ፣ ወዲያው ግሉኮስ በደም ሥር ወደሚሰጥበት ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

መለኪያ በሌለበት ቤት ደግሞ ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚወስድ ሰው ንግግሩ፣ ጠባዩ ወይም እርምጃው በድንገት ከተለወጠና መዋጥ ከቻለ ጣፋጩ ይቅደም፤ ጥያቄው ይደርሳል። ስኳሩ ሳይወርድ ቢገኝ እንኳ አንድ ብርጭቆ የስኳር ውኃ የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው።